የሳሙና ብቸኛው ደጋፊ

ጋሽ ተማም መሞታቸውን የሰማሁት በብሎካችን ግሩፕ ላይ ነው። ውሃ የሚመጣበትን ቀንና ደረጃ የማጽዳት ተራ በምንነጋገርበት በዚያው ግሩፕ፣ ኮሚቴው "ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት አቶ ተማም ወደ አኼራ ሄደዋል፤ ቀብራቸው ከዙህር ሶላት በኋላ ኮልፌ ነው" ብሎ ጻፈ። ከሥሩ አንድ ሰው "የትኛው ናቸው?" ሲል ጠየቀ። "የሳሙናው ሽማግሌ" ብሎ ሌላው መለሰለት። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀም።

ድንኳኑ ግቢው ውስጥ፣ መኪና በሚቆምበት በኩል ተተከለ። ከቀብር መልስ አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ጎረቤቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

"ፋብሪካው ውስጥ ስንት ዓመት ሠሩ?"

"ዕድሜ ልካቸውን ነዋ። ጡረታ የወጡትም ከዚያው ነው።"

"ታዲያ ከመሥሪያ ቤታቸው አንድ ሰው እንኳ አይመጣም?"

"የዘንድሮ መሥሪያ ቤት በቁምህም አያውቅህ፣ እንኳን ሞተህ።"

ጋሽ ተማም ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ አንድ ቀን ሠርተው አያውቁም። ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከፋብሪካው ጋር የሚያገናኛቸው የፋብሪካው እግር ኳስ ክለብ ብቻ ነው። የክለቡ ሙሉ ስም ረጅም ስለሆነ ሁላችንም ሳሙና ነበር የምንለው። ክለቡ ከእሳቸው ቀድሞ ፈርሷል፤ ለቅሶው ላይ አንድ የኳስ ሰው ያልታየው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ሌላም ምክንያት አለ። እሱን የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ልጻፈው።

ጋሽ ተማም ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ኮት ሲሰፉ ኖሩ። ቤታቸው ልደታ ማርያም ጀርባ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤቶቻቸው ግማሹ ጀሞ፣ ግማሹ ገላን ሄዱ፤ ለእሳቸው እዚሁ ኮንዶሚኒየሙ ደረሳቸው። ባለቤታቸው የዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። ሴት ልጃቸው ወራቤ ተድራ ነበር። ሰው "ዕድለኛ ነዎት፣ ከሰፈርዎ አልወጡም" ሲላቸው "እኔስ አልወጣሁም፤ ሰፈሩ ነው የወጣው" ይሉ ነበር። የድሮው ቤታቸው በር ላይ ቆመው ቢያስነጥሱ ከሦስት ግቢ "ይማርዎ" ይባሉ እንደነበር አጫውተውኛል። ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ያስነጥሳሉ፣ ድምፁ እስከ ላይኛው ፎቅ ይወጣል፤ ከዚያ በሮቹ እንደተዘጉ ይቀራሉ።

እኔ የምኖረው ከእሳቸው በር ፊት ለፊት ነው። ከብሎኩ ሥር ስልክ እጠግናለሁ፤ ሥራውን ያስተማረኝ የለም፣ የተበላሹ ስልኮችን እየፈታሁ ነው የተማርኩት። ወሬ አላበዛም። የቀረቡኝም ለዚሁ ይመስለኛል። አንድ ረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ፣ የሱቄ መስኮት ላይ ጎንበስ ብለው፣

"ሚኪ፣ ዛሬ ጨዋታ አለን" አሉኝ።

"አለን" ማለታቸው ገረመኝ። ከእሳቸው ሌላ እነማን እንዳሉ ለማየት ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳቸው። ከልደታ ባቡር ተሳፍረን ስታዲየም ወረድን። ስታዲየሙ ለዕድሳት ከመዘጋቱ በፊት ነው። ሌላ ማንም አልነበረም።

ትናንሾቹ ክለቦች የሚጫወቱት በሥራ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ባናት ስትወርድ ነው። ሁለት ዘበኞች፣ የተጫዋች ዘመድ የሚመስሉ ጥቂት ሰዎች፣ ከጥላው ሥር ጋዜጣ የሚያነብ አንድ ሰው፤ ሌላው ባዶ ሲሚንቶ ነው። ጋሽ ተማም የሚቀመጡት ሚስማር ተራ በሚባለው ጣሪያ በሌለው መቀመጫ ላይ፣ ከመሃል መስመሩ ትይዩ ነበር። ካርቶናቸውን አነጠፉ፣ ለእኔም ግማሹን ቆርሰው ሰጡኝ። አንገታቸው ላይ ራሳቸው የሰፉት ውሃ አረንጓዴ ስካርፍ አለ፤ የሳሙና ቀለም ነው።

ሲጮኹ አልሰማሁም። አይሳደቡም፣ "አቀብል"፣ "ምታ" አይሉም። "አሠልጣኝ አላቸው፣ እኔ ምን አግብቶኝ" ይሉ ነበር። አንዱ ልጅ ኳስ ለማስጣል ግማሽ ሜዳ ሮጦ፣ ሳይሳካለት ግን ተጋጣሚውን አዘግይቶ ሲመለስ፣ ጋሽ ተማም እንደ መነጋገር ባለ ድምፅ "አየሁህ" ይሉታል። ያ ብቻ ነው። ስታዲየሙ ባዶ ስለሆነ ድምፃቸው ሜዳው ውስጥ ይደርሳል። የግራ ተከላካዩና አምበሉ ዳግም፣ ቀጭንና ረጅም ልጅ፣ "አየሁህ ዳግም" ሲባል ፊቱን ሳያዞር እጁን ከፍ ያደርጋል። መጀመሪያ ለጓደኛው ምልክት የሰጠ መስሎኝ ነበር። ለእሳቸው ነበር።

የዘጠኝ ሰዓት ጨዋታ ዕረፍቱ ከአሱር ሶላት ጋር ይገጥማል። ዕረፍት ሲሆን ካርቶኑን ወደ ጥግ ወስደው ሰገዱና ተመለሱ። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ለምን ሳሙናን እንደሚደግፉ ጠየቅኳቸው።

"እኔ እንደ ሰፈሩ ሁሉ የብርቱካኖቹ ደጋፊ ነበርኩ" አሉ። ብርቱካኖቹ ማለት ልደታና ተክለ ሃይማኖት ያለው ወንድ ሁሉ የሚሞትለት ክለብ ነው። "አንድ ቀን ለእነሱ ጨዋታ ቦታ ልያዝ ብዬ ቀድሜ ገባሁ። ከእነሱ በፊት እነዚህ ይጫወቱ ነበር። አንዱ ልጅ ጎል አገባ። አገባና ሮጠ። ከዚያ ወዴት እንደሚሮጥ ግራ ገባው። ቆመ፣ ተመልሶ መሄድ ጀመረ። እኔ አጨበጨብኩ። ዞር ብሎ አየኝ። በቃ፣ አንዴ ካየኝ በኋላ እንዴት እቀራለሁ?"

ዓይናቸውን ከሜዳው ሳያነሱ ቀጠሉ። "ኮት ስትሰፋ ሰው የሚያየው ውጪውን ነው። ገበሩን ገልጦ የሚያይልህ ሌላ ልብስ ሰፊ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ሱቄ አጠገብ ሌላ ልብስ ሰፊ አልነበረም።"

ሰፈሩ ግን ይህን ሊገምት አልቻለም። የሳሙናን ስካርፍ አድርገው ሲወጡ ሲገቡ ያየ ሁሉ ከፋብሪካው ጡረታ የወጡ አድርጎ ደመደመ። ሌላ ምን ሊል ይችላል? የመሥሪያ ቤት ክለብን ሠራተኛው እንኳ አይደግፈውም። ለምን እንደማያስተካክሏቸው ስጠይቃቸው፣

"ምን ልበላቸው? ዝም ብዬ ነው የምደግፈው ብል ሽማግሌው ለቀቀ ይሉኛል። ጡረተኛ ይሻላል" አሉኝ።

ግቢው ውስጥ የሚቀመጡ ጎረምሶች ሲያገኟቸው አይለቋቸውም።

"ጋሽ ተማም፣ አረፋው እንዴት ነው?"

"አልሐምዱሊላህ።"

"ዘንድሮም ታጥባችሁ መውረዳችሁ ነው አሉ።"

"አንተን አጥቦ የሚጨርስ ሳሙና ጠፋ እንጂ እኛስ ደህና ነን።"

ይሳቃል፣ ያልፋሉ። ደረጃውን ሲወጡ ግን እንደዚያ ዓይነት ቀን እርምጃቸው ይፈጥን ነበር። ያዋራቸው ሰው ተገኝቷልና።

ሳሙና የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ፍጻሜ በደረሰበት ዓመት፣ የደረሰበት መንገድ የሚያኮራ አልነበረም። የመጀመሪያውን ጨዋታ ከታችኛው ዲቪዚዮን ቡድን ጋር በዝናብ ተጫወቱ። ሜዳው ጭቃ ሆኖ ኳሷ አልሄድ አለች። ጎሉን ያገባው የተጋጣሚው ተከላካይ ነው፤ ለበረኛው ሊመልስ ሲል አንሸራተተው። ጋሽ ተማም ጃንጥላ ይዘው ነበር፣ አልዘረጉትም። "እነሱ ሲረጥቡ እኔ ብቻዬን ደረቅ ልሁን?" አሉ። እኔም ከእሳቸው ጋር ረጠብኩ።

በሁለተኛው ዙር ተጋጣሚያቸው ከክፍለ ሀገር ሲመጣ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሸበት። ዳኛው በደንቡ የተፈቀደውን ጊዜ ጠበቀና ፊሽካ ነፍቶ ሳሙና በፎርፌ አለፈ። ልጆቹ ተቃቅፈው ዘለሉ። ጋሽ ተማም አላጨበጨቡም። ካርቶናቸውን እያጠፉ "እንግዳ ደጅ ቀርቶበት ምሳውን እንደመብላት ነው" አሉ።

ሩብ ፍጻሜው በፍጹም ቅጣት ምት አለቀ። የተጋጣሚው የመጨረሻ መቺ ኳሷን ከአግዳሚው በላይ ሰደዳትና ፊቱን በማልያው ሸፍኖ ተቀመጠ። የሳሙና ልጆች ወደ በረኛቸው ሮጡ። ጋሽ ተማም ቆመው ለሳተው ልጅ አጨበጨቡ። ልጁ ቀና ብሎ አያቸው፤ የሚያፌዙበት መስሎት ይመስለኛል መልሶ ተሸፈነ። ጋሽ ተማም ቀኑን ሙሉ በዚህ ተጨነቁ። "አልገባውም" ይሉኛል ባቡር ውስጥ፣ "አልገባውም እኮ።"

ግማሽ ፍጻሜው አዳማ ነበር። በሚኒባስ ሄድን። ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ጋሽ ተማም ኮታቸውን ግን አላወለቁም። ሊያልቅ ሲል ዳግም ከግራ አሻማ፣ አጥቂያቸው በጭንቅላቱ ገጨ፣ ገባ። ከፊሽካው በኋላ ልጆቹ ወደ አጥሩ መጡ። ዳግም ጣቶቹን በሽቦው አሾለከ።

"ጋሼ፣ አዳማ ድረስ መጡ?"

"አንተስ መጥተህ የለም እንዴ?"

"እኔ ተከፍሎኝ ነዋ።"

"እንግዲያው እኔ እበልጥሃለሁ።"

ልጆቹ ሳቁ። ዳግም ግን ሳቁ ሳያልቅ ቁም ነገር ያዘ። "ፍጻሜው ከብርቱካኖቹ ጋር ነው። ስታዲየሙ ሁሉ የእነሱ ነው የሚሆነው፣ ድምፅዎን አንሰማም። ግን ቦታዎ ላይ ይሁኑልን። ዞር ስንል እንየዎት።"

"እዚያው ነኝ።"

"ቃል?"

"ልጄ፣ እኔ ሌላ የምሄድበት አለኝ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ፍጻሜው ድረስ ሌላ ሰው ሆኑ። ፂማቸውን ተስተካከሉ። ስካርፉን ፈትተው ጠርዙን እንደገና ሰፉት፤ ክሩን መርፌው ውስጥ የሰካሁላቸው እኔ ነኝ። ግቢው ውስጥ የሚቀመጡት ጎረምሶች "ጋሽ ተማም፣ እሑድ እንዳይከፋዎት አስቀድመው ያልቅሱ" ሲሏቸው መልስ እንኳ አልሰጡም። "ዞር ስንል እንየዎት" ያለውን ግን ለእኔ ደጋግመው ነገሩኝ፤ ያልነበርኩ ይመስል።

የፍጻሜው ቀን በጠዋት ወጣን። ሚስማር ተራ በር ላይ ስንደርስ ያልጠበቅነው ነገር ጠበቀን። ፋብሪካው ሠራተኞቹን በአውቶቡስ አምጥቷል። ውሃ አረንጓዴ ቲሸርትና ኮፍያ ታድሏል፣ ሰልፉ አስፋልቱን ይዟል። ሴቶቹ ይጨፍራሉ፣ አንዱ ከበሮ ይመታል። ጋሽ ተማም አይተው ቆሙ። ያን ያህል ሰው በእሳቸው ቀለም ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ፊታቸው በራ።

በሩ ላይ ኮፍያ ያደረገ የፋብሪካው ወጣት ቆሞ ነበር።

"ባጅ፣ አባባ።"

"የምን ባጅ?"

"የሠራተኛ ባጅ። ሚስማር ተራ ዛሬ ለሠራተኛ ብቻ ነው የተያዘው።"

"እኔ የሳሙና ነኝ" አሉ ጋሽ ተማም፣ ስካርፉን እያሳዩ።

"እሱንማ አየሁ። የትኛው ክፍል ነው የሚሠሩት?"

ስካርፉን ደረታቸው ላይ አስተካከሉ። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው "ጡረታ ወጥቻለሁ ይበሉት፣ ያስገባዎታል" አልኳቸው። በእርግጥም ያስገባቸው ነበር፤ ልጁ ክፉ አልነበረም። ዞር ብለው አዩኝ።

"ሰፈሩ ያለውን ይበል" አሉ ቀስ ብለው። "ከእኔ አፍ ግን አልወጣም።" ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ። "ሠራተኛ አይደለሁም። ደጋፊ ነኝ።"

ልጁ ግራ ተጋባ። "ሠራተኛ ካልሆኑ ለምን ይደግፋሉ?"

ይህን ጥያቄ ለእኔ በባዶው ስታዲየም መልሰውልኛል። እዚያ በር ላይ ግን፣ ከኋላችን ሰው እየገፋ፣ ከበሮ እየተመታ፣ እንዴት ይመለሳል? ልጁ "ታዝዤ ነው አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አላቸው። ዳግምን በሰው ላስጠራው ብዬ ተነሳሁ። እጄን ያዙኝ።

"ዛሬ ልጁን በእኔ ጉዳይ እንዳታስጨንቀው። ሌላ በር እንፈልግ።"

የቀረው ትኬት ከማን አንሼ በሚባለው በኩል፣ የብርቱካኖቹ ደጋፊ ካለበት ብቻ ነው። በሩ ላይ ሳንደርስ ጋሽ ተማም ስካርፉን አወለቁ፣ እንደ ጨርቅ ሳይሆን እንደ ኮት አስተካክለው አጠፉና በደረታቸው በኩል ከኮታቸው ሥር ከተቱት።

ውስጥ መተንፈሻ የለም። ፊቱን ብርቱካናማ የተቀባ፣ ጉልበታም ወጣት አጠገባችን ነበር። ቦታ አጥበን ስንቆም አየና፣ "አባባ፣ ይሄን ይያዙ" ብሎ የላስቲክ ባንዲራ ሰጣቸው። ያዙት። ከሜዳው ማዶ ሚስማር ተራ በውሃ አረንጓዴ ተሸፍኗል። ከመሃል መስመሩ ትይዩ፣ እሳቸው ካርቶን የሚያነጥፉበት ቦታ ላይ፣ ከበሮ መቺው ቆሟል።

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። ጋሽ ተማም ሶላት ደርሶባቸው ወዲያ ወዲህ ሲያዩ ያ ወጣት ገባው። "ኧረ ቦታ ልቀቁ፣ አባባ ይስገዱበት" ብሎ ሰውን በክንዱ ገፋ። ጎረምሶቹ ቆመው አጠሩላቸው፣ አንዱ የራሱን ጃኬት አነጠፈላቸው። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ሰገዱ።

ከዕረፍት በኋላ ዳግም ኳሷን ከራሱ ሜዳ ይዞ ተነሳ። አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውንም አለፈ፣ ሦስተኛው ሲገጥመው ወደ መሃል ሰጠና አጥቂው አገባት። ከማን አንሼ በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ከማዶ ጩኸቱ የመጣው ዘግይቶ ነው የመሰለኝ። ተጫዋቾቹ ወደ ሚስማር ተራ ሮጡ። ሌሎቹ ሲቃቀፉ ዳግም ብቻውን ከአጥሩ ሥር ቆመ፤ እጁን ግንባሩ ላይ ጥሎ ወደ ላይ ይመለከታል። አረንጓዴው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። በዓይኑ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተመለሰ።

"እርስዎን እየፈለገ ነው" አልኳቸው።

"አይቻለሁ።"

"ይነሱና እጅዎን ያሳዩት፣ ምናልባት..."

"ዝም በል።" የላስቲክ ባንዲራውን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ነበር። አጠገባችን ያ ወጣት ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል። "ለቅሶ ቤት ገብቶ እልል አይባልም። መስገጃ የሰጡኝ ልጆች ናቸው።"

ጨዋታው እንደዚያው አለቀ። ጋሽ ተማም ዋንጫው ሲነሳ እንኳ አይቼ ልሂድ ብለው ቁጭ አሉ። ግን ጠብ እንዳይነሳ የተሸናፊው ደጋፊ ቀድሞ እንዲወጣ ይደረጋል። ፖሊሶቹ ከላይ ጀምረው "ተነሱ፣ ተነሱ፣ አባባ ይነሱ" እያሉ አወጡን። ከውጭ፣ አጥሩ ሥር ስንደርስ፣ ከውስጥ ጩኸቱ ፈነዳ። ዋንጫው የተነሳው ያኔ ነው። ጋሽ ተማም አጥሩን በመዳፋቸው ተደግፈው እስኪበርድ ድረስ ቆሙ።

ባቡር ውስጥ ያ ወጣት እንደገና አገኘን። ቀለሙ ፊቱ ላይ ዝንጉርጉር ሆኗል። ሰው አስነስቶ ጋሽ ተማምን አስቀመጣቸው። ዓይናቸው እርጥብ መሆኑን አየ።

"አባባ፣ አያልቅሱ እንጂ። እርስዎ ካለቀሱ እኛ ምን እንሁን?"

"አላለቅስም።"

"ስንት ዓመትዎ ነው ስታዲየም ሲገቡ?"

"ብዙ ነው።"

"እና ዛሬ እንዲህ አቃጠሉን። ያውም ሳሙና። ደጋፊ የሌለው ክለብ።" ራሱን ነቀነቀ። "ባዶ ፋብሪካ አሸነፈን፣ አባባ።"

ጋሽ ተማም ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "ደህና ተጫውታችኋል" አሉት። "አሥር ቁጥራችሁ ጎበዝ ልጅ ነው። ለከርሞ ያገኛል።" ልደታ ስንደርስ ወጣቱ እጃቸውን ይዞ አወረዳቸው፤ በሩ እስኪዘጋ ድረስ "አይዞዎት" ይላቸው ነበር። ሕይወታቸውን ሙሉ የጠበቁት ቀን ነበር፤ ያን ቀን ያናገራቸው ሰው ግን የሐዘን ቃል ነው የሰጣቸው። እቤታቸው ገብተው ስካርፉን ሲያወጡ ከላብ የተነሳ ሸሚዛቸው ላይ ቀለም ለቆ ነበር።

ሊጉ ሲቀጥል ስታዲየሙ እንደ ድሮው ባዶ ሆነ። ቲሸርቶቹ አልተመለሱም። ጋሽ ተማም ካርቶናቸውን አነጠፉ። ዳግም ሲያሟሙቅ አያቸውና ወደ አጥሩ መጣ። ሲመጣ እየሳቀ ነበር።

"ጋሼ፣ የት ጠፉ? የፍጻሜው ቀን በዓይኔ ስፈልግዎት።"

"ነበርኩ።"

"የት?"

ጋሽ ተማም ውሸት አያውቁበትም። "ከማን አንሼ" አሉ።

ዳግም ሳቁን አቆመ። "ከብርቱካኖቹ ጋር?"

ልናገር አፌን ስከፍት ጉልበቴን ጨብጠው ያዙኝ። ሽማግሌ እንዲህ ጉልበት አለው ብዬ አስቤ አላውቅም።

"ሰው በዛ" አሉ። "እዚያ ነው ቦታ የተገኘው።"

"እዚህ ሞልቶ ነበር እንዴ? ከላይ ባዶ ቦታ ሳይ ነበር እኮ።" ጠበቃቸው። ካርቶናቸውን አስተካከሉ። "እሺ" አለ ዳግም። "የድሮ ክለብዎም ነው፤ ራስዎ ነግረውኛል።" ሄደ።

ሲርቅ ተቆጣሁ፤ እኔ መቆጣት አይሆንልኝም፣ ድምፄም አይወጣ። በሩ ላይ የሆነውን ለምን አልነገሩትም? አልኳቸው።

"ይሄ ልጅ ምላሱ እንደ እግሩ ፈጣን ነው" አሉ። "አምበል ነው። ብነግረው ዛሬውኑ ቢሯቸው ገብቶ ይጮኻል። ውሉ የሚያልቀው ዘንድሮ ነው። አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቀረ ብሎ እንጀራውን ይጣል?"

"እሱ ግን ከዱኝ ብሎ ነው የሄደው።"

"ይበል። የከዳሁት ቢመስለው በኳስ ነው፣ በሌላ አይደለም።"

ያን ቀን ዳግም ከኋላ ሮጦ አንድ መልሶ ማጥቃት አከሸፈ። ጋሽ ተማም እንደ ወትሮው "አየሁህ ዳግም" አሉ። ድምፃቸው መድረሱን አውቃለሁ፤ የመስመር ዳኛው ዞር ብሏል። የዳግም እጅ አልተነሳም። በቀጣዩ ጨዋታም አልተነሳም። ጋሽ ተማም ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድ ጨዋታ ሳያጎድሉ ጠሩት። ዓመቱ ሲያልቅ ፋብሪካው በጀት የለኝም ብሎ ክለቡን አፈረሰ፤ ልጆቹ በየክፍለ ሀገሩ ተበተኑ። ቀጥሎ ስታዲየሙም ተዘጋ። ጋሽ ተማም ከሰዓት በኋላ ኮታቸውን ለብሰው እስከ ባቡር ጣቢያው ይሄዱና፣ የሚሳፈረውን ሰው አይተው ይመለሱ ነበር።

ለቅሶው ሦስት ቀን ተቀመጥን። ድንኳኑ ሲነሳ የዳግምን ስልክ ከአንድ የድሮ የሳሙና ተጫዋች አፈላልጌ አገኘሁ። ደቡብ ውስጥ ባለ አንድ ክለብ ይጫወታል። ከልምምድ ላይ ነበር ያነሳው፤ ከጀርባው ኳስ ሲመታ ይሰማል።

"ጋሽ ተማም አረፉ" አልኩት። "ሚስማር ተራ የሚቀመጡት።"

"ነፍሳቸውን ይማር።" ቀጠለና፣ "ፍጻሜው ላይ ከብርቱካኖቹ ጋር የተቀመጡት አይደሉም?" አለ። ከውስጡ እንዳልወጣ ገባኝ።

በተራ ነገርኩት። አውቶቡሶቹን፣ ባጁን፣ ልጁ የጠየቃቸውን ጥያቄ፣ ጡረተኛ ነኝ ማለት እምቢ ማለታቸውን፣ እሱ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ሲፈልጋቸው ከማዶ ሲያዩት የነበረ መሆኑን። ሳያቋርጠኝ ሰማ።

"ታዲያ ያን ቀን ስጠይቃቸው ለምን አልነገሩኝም?"

"ሄደህ ትናገራለህ ብለው ነው። ውልህ የሚያልቅበት ጊዜ ነበር።"

አንድ ሰው ከሩቅ ስሙን ጠራው። አልመለሰለትም። የኳሱ ድምፅ እየራቀ ሄደ፤ ከዚያ፣

"እናገር ነበር" አለ።